ባቡሩ የት ነው የሚቆመው? ስለ ጅቡቲው ምድር ባቡር ጎንደር ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ከፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ።

ቅድም በር ላይ አንድ ወንድሜ ያዘኝና «ጎንደር ባቡር የላት፤ ስለ ባቡር ማውራት ምን ያደርጋል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ወደ መጨረሻው ላይ ታገኘዋለህ፤ እስከዚያ ታገሠኝ። ብዙዎቻችሁ እኔን የምታውቁኝ እዚሁ ጎንደር ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው። የተወለድኩት ግን አፍደም ነው። ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ስትመጡ በሜዳው መሃል ያለች የባቡር ጣቢያ ናት። አባቴ የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። እንግዲህ ዛሬ የማወራው መጽሐፍ ያስተማረኝንም፣ ቤት ውስጥ ያደግኩበትንም ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። መስመሩ እንዴት ተወለደ? ማን ኖረበት? እኛን ጎንደሬዎችን ምን አገባን?

ከመጀመሪያው ልጀምር።

በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ከኢልግ ጋር ሊዮን ሼፍኔ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበረ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ። ከዐድዋ በፊት ነው! የውጫሌ ውል ጣጣ ገና እየጋመ ነው፣ ጦርነት እያንዣበበ ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ስለ ባቡር ያስባሉ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት ነበር። ወረቀቱ ላይ መስመሩ ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ክፍል እስከ ዛሬ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ሥራው ጅቡቲ ላይ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። ሀዲዱ ጠባብ ነው፤ በሁለቱ ብረት መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር። ለምን ጠበበ? ለምን መሰላችሁ? በገንዘብ ምክንያት ነው። ጠባብ ሀዲድ ቀለል ያለ ብረት ይበቃዋል። በጠባብ ኩርባ ይታጠፋል። ስለዚህ ተራራውን መብሳት ትቶ ዙሪያውን ይሄዳል። ድልድዩ ያንሳል፣ ቁፋሮው ያንሳል፣ ወጪው ያንሳል። ዋጋው የሚከፈለው በኋላ ነው። ባቡሩ ቀርፋፋ ይሆናል፣ የሚጭነውም ያንሳል፣ ኩርባው ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይቺን ኩርባ አትርሷት።

ሀዲዱ የሚተኛበትም ብረት ነበር። በሌላ አገር እንጨት ይነጠፋል። በዚያ በረሃ እንጨት አንጥፈህ ምስጡ ዝም ይልሃል? እኛ ልጆች ያንን ብረት በባዶ እግር መርገጥ አንችልም ነበር። እኩለ ቀን ላይ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ሐረር። ሰዎች ሆይ፣ ወረቀቱ «ከጅቡቲ ሐረር» ነው የሚለው። ሐረር የንግዱ እምብርት ናት። ቡናው እዚያ፣ ቆዳው እዚያ፣ ነጋዴው እዚያ። ባቡሩ ግን ሐረር ደረሰ? አልደረሰም! ሐረር ከፍታ ላይ ናት። ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ኩባንያውን አስደነገጠው። መሐንዲሶቹ መስመሩን ከተራራው ግርጌ በሜዳው ወሰዱት። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ባቡሩ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሜዳው ላይ ቆመ። የቆመበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ።

እስቲ አስቡት። ለዘመናት የኖረች የግንብ ከተማ በአንድ የወጪ ስሌት ንግዷን ለአንድ ሜዳ አስረከበች። የድሬዳዋን የባቡር ሰፈር፣ ከዚራን፣ ያየ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በመስመር የተተከለ፣ ቤቱ በኩባንያው ፕላን የተሠራ ነው። ከደረቁ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ፣ የገበያው ሰፈር። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡሩ የቆመበት ቦታ ነው። «የቆመበት» የሚለውን ያዙልኝ።

ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውስ? እዚያ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በ1894 ዓ.ም. ስምምነት ተፈራረመ። ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት የንግድ ፈቃድ ሳይታሰብ የባዕድ መንግሥት ጉዳይ ሆነ። አፄ ምኒልክ ተቆጡ። የድሬዳዋው ምርቃት ላይም አልተገኙም። ወደ አዲስ አበባ መቀጠሉንም አልፈቀዱም። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን እኛ በሌለንበት ተፈራርመው በእኛ አገር ላይ ባቡሩን ማን በየት በኩል እንደሚሠራ ሳይቀር ተከፋፈሉ። አያናድድም? እኔን ዛሬም ያናድደኛል። ንጉሠ ነገሥቱ «ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ይህ ውል ግን ሉዓላዊነቴን አይነካም» ብለው መለሱ።

በ1900 ዓ.ም. ሐኪማቸው ለነበሩት ለዶክተር ቪታሊየን አዲስ ፈቃድ ሰጡ። አዲስ ኩባንያ ቆመ። ሥራው ተቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ያንን ቀን አላዩትም፤ ካረፉ ዓመታት አልፈው ነበር። 784 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ለመዘርጋት 20 ዓመት ገደማ ፈጀ። ድንጋዩን የፈለጠው፣ ብረቱን የተሸከመው የመናዊው፣ ሶማሌው፣ ሌላውም ያገራችን ሰው ነው። የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች መሬታቸው ሳይጠየቁ ሲቆፈር ዝም አላሉም። ሀዲድ ነቀሉ፣ የስልክ ሽቦ ቆረጡ። ከዚያ በኋላ ነው ኩባንያው ከሽማግሌዎቹ ጋር መነጋገርና መክፈል የጀመረው።

የምታውቁት የለገሀሩ ውብ ጣቢያ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከስድስት ዓመት ግድም በኋላ፣ ሚያዝያ 1928 ላይ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። ይህን ታሪክ ሌላ ቦታ ስለምትሰሙት አልቆይበትም።

ወደ ሁለተኛው ልሻገር። ማን ኖረበት?

ባቡሩ በመጀመሪያ በእንፋሎት ነው የሚሄደው። እንፋሎት ምን ይፈልጋል? ውሃ! ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም። መስመሩ ደግሞ የሚያልፈው በበረሃ ነው። ስለዚህ ውሃ በተገኘበት፣ ጉድጓድ በተቆፈረበት፣ ጋን በተሰቀለበት ሁሉ ጣቢያ ተሠራ። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ። ከድሬዳዋ ወዲህ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት። ከዚያ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ። ባቡሩ ውሃ ሊጠጣ ቆመ፤ ሰው ደግሞ ባቡሩ በቆመበት ሰፈረ። መጀመሪያ ጣቢያ ጠባቂው፣ ቀጥሎ የጥገና ሠራተኛው፣ ቀጥሎ ሻይ የምታፈላው፣ ቀጥሎ ባለ ሱቁ። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና መንገደኛ ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ነው። አዋሽ ጣቢያ ያለው ቡፌ ያንን የማደሪያ ዘመን የሚያስታውስ ቤት ነው። ሦስት ቀን ረዘመብን እንላለን። ከዚያ በፊት ግን በግመልና በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጅ መንገድ ነበር እኮ!

እኔ ነፍስ ሳውቅ እንፋሎቱ ቀርቶ ናፍጣ ገብቶ ነበር። የውሃ ጋኑ ባዶውን ቆሟል። ባቡሩ ግን መቆሙን አላቆመም። ለምን? ሰዉ ቀድሞ ሰፍሯላ! ከኤረር ብርቱካን ይጫናል። የግመል ወተት የያዙ እናቶች በመስኮት ይሸጣሉ። እናቴ ሻይ ታፈላ ነበር። ፉርጎው ሳይቆም ገና ከሩቅ የሚጠሯት ደንበኞች ነበሯት። የኮንትሮባንድ ልብስ በቀሚሳቸው ውስጥ ደራርበው ለብሰው የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ። ሲወጡ ቀጫጭን ነበሩ፣ ሲመለሱ ግን ወፍረው ነው። ሕግ ነው የጣሱት፣ እውነት ነው። ግን ስንት ልጅ በዚያ ንግድ ተማረ? እኔ በነሱ ላይ አልፈርድም።

አባቴን ላሳያችሁ። ጎህ ሲቀድ ይወጣል። ለምን በማለዳ? ሙቀት ሲመጣ ብረት ይለጠጣል። በሀዲድና በሀዲድ መገናኛ ላይ ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል። ቀን ላይ ብረቱ ሲሞቅ ያቺ ክፍተት ትዘጋለች። ማለዳ ላይ ግን ትታያለች። አባቴ ይንበረከካል፣ ጉንጩን ወደ ሀዲዱ አስጠግቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በርዝመቱ ያየዋል። የጎበጠ ካለ ያገኘዋል። ከዚያ ብሎኑን በመዶሻ መታ ያደርገዋል። ጥብቅ ብሎን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የላላ ከሆነ ድምፁ ይደፈናል። እኔን «ስማ» ይለኝ ነበር። «ይሄኛው ምን አለህ?» ከትምህርት ቤት በፊት የተማርኩት እሱን ነው። ያ ሥራ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፣ ሪባን አይቆረጥለትም። መስመሩን ግን እነዚያ ሰዎች ናቸው ያኖሩት።

ቅድም ኩርባዋን አትርሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሀዲዱ ወጣ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ነፍሳቸውን ይማር። አባቴ ያኔ ጡረታ ወጥቷል። ሬዲዮኑን ከፍቶ ሲሰማ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የትኛው ኩርባ ነው?» አለ። መስመሩን እርምጃ በእርምጃ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ በፊትም የሶማሊያ ጦርነት ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ለብዙ ወራት ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ ተጠገነ፣ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ብረቱ አርጅቷል፣ መለዋወጫ የለም፣ የጭነት መኪናው አስፋልቱን ይዞ ወጥቷል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ።

ከዚያ በኋላ አፍደም ሄጄ ነበር። ጣቢያው ተቆልፏል። እናቴ ሻይ የምታፈላበት ጥላ ሥር ፍየል ተኝቷል። አንድ ባለ ሱቅ አገኘሁ፤ የልጅነት ጓደኛዬ ወንድም ነው። ገበያ እንዴት ነው አልኩት። «ባቡሩ በሚመጣ ቀን ነበር ገበያው፤ አሁን የትኛው ቀን እንደሆነ ማን ያውቃል?» አለኝ።

አዲሱ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የኤሌክትሪክ ነው፣ ሰፊ ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል። ፈጣን ነው፣ ብዙ ይጭናል። እኔ ተደስቻለሁ፤ አገሪቱ ያለ ወደብ ባቡር መኖር አትችልም። ግን አንድ ነገር አያለሁ። የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የአዲስ አበባው ለቡ ነው፣ ዳር ነው። የድሮው ባቡር ከተማ መሃል ይገባ ነበር፤ ከለገሀር ወርደህ በእግርህ ቤትህ ትሄዳለህ። ፈጣን ባቡር ብዙ ቦታ መቆም አይወድም። ውሃም አይጠማውም። ስለዚህ ትንንሾቹን ጣቢያዎች የሚያቆያቸው ምንድን ነው? ሰው ካልጠየቀላቸው በቀር ምንም!

ሦስተኛው፣ የኛው የጎንደር ጉዳይ። ያ በር ላይ የጠየቅከኝ ወንድሜ የት ነህ? ተቀምጠሃል? ጥሩ።

ጎንደር ባቡር የላትም። ግን ጎንደር ከባቡር ታሪክ ውጪ ናት ማለት አይደለም። ጎንደር የሲራራ ነጋዴ ከተማ ነበረች። አንዱ መንገድ በዐድዋ አድርጎ ምጽዋ ይወርዳል። ሌላው በመተማ አድርጎ ስናር ይገባል። የአዲስ ዓለም ሰፈር ሽማግሌዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። አባቶቻቸው በግመልና በአህያ የሄዱበት መንገድ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን አቃጠሉ። ቁስሉ ሳይሽር የአገሪቱ መናገሻ ደቡብ ሆነ፣ ንግዱም ባቡሩን ተከትሎ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሐረርን ተራራ እንዳስቀራት፣ ጎንደርን ርቀት አስቀራት።

አሁን የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የዘረጉት ሀዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። ጣሊያኖች ከምጽዋ አስመራ፣ ከአስመራ ከረን፣ ከዚያ አቆርዳት፣ ከዚያ ቢሻ ያደረሱት 950 ሚሊ ሜትር ነው። እንግሊዞች ሱዳን ውስጥ በከሰላ አድርገው ገዳሪፍ ያደረሱት 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ቅኝ ገዢ፣ ሦስት ስፋት! አንዱ ፉርጎ በሌላው ሀዲድ ላይ አይሄድም። ጎንደር በሦስቱ መሃል ናት። በሰሜን ቢሻ ላይ ቆመ፣ በምዕራብ ገዳሪፍ ደረሰ፣ በደቡብ አዲስ አበባ ላይ አበቃ። የጣሊያኑ እስከ ተሰነይ ሊሄድ ታስቦ ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። ጣሊያን ጎንደርን ሲይዝ መንገድ ነው የሠራው፤ ሊማሊሞን የወጣ ሰው ያውቀዋል። ፒያሳችንን ሠራ፣ ሲኒማ ቤት ሠራ። ሀዲድ ግን አልዘረጋም። ቢዘረጋ ኖሮ እንኳ በየትኛው ስፋት? ከማን ጋር ሊገናኝ? እነዚያ መስመሮች እኛን ለማገናኘት አልተሠሩም። እያንዳንዱ የራሱን ወደብ ለመመገብ ነው የተሠራው።

የኤርትራው መስመር ሌላ ታሪክ ነው። ከባሕር ተነስቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በጦርነቱ ዘመን ሀዲዱ ተነቅሎ ምሽግ ሆነ። ከነጻነት በኋላ አሮጌዎቹ የባቡር ሠራተኞች፣ ጡረታ የወጡት፣ ተጠርተው መጥተው ሀዲዱን ከየምሽጉ እየለቀሙ እንደገና ዘረጉት። ምጽዋና አስመራ መልሰው ተገናኙ። ይህን ሳነብ አባቴን አሰብኩ። ቢጠሩት ኖሮ መዶሻውን ይዞ ይሄድ ነበር።

ወደ ራሳችን። የአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ከወልድያ ወደ ወረታ፣ ከወረታ በአዘዞ አድርጎ መተማ የሚወርድ መስመር አለ። ካርታ ላይ ያለ መስመር ነው። ከአዋሽ ወልድያ የተጀመረውም ገና ሥራ አልገባም። መቼ ይሆናል የሚለውን እኔ አልነግራችሁም። ሲመጣ ግን ምን እንጠይቃለን? ብዙ ሰው የሚጠይቀው «መቼ ይመጣል?» ብሎ ነው። እባካችሁ፣ እለምናችኋለሁ፣ «የት ይቆማል?» በሉ። ማንን ይቀጥራል? ጥገናውን የሚሠራው የማን ልጅ ነው? ጣቢያው አዘዞ ነው ወይስ ከአዘዞ ማዶ ሜዳ ላይ? ሽንኩርትና ሰሊጥ የሚጭን ገበሬ በአህያ ይደርስበታል?

መልክዓ ምድሩን አስቡ። አዘዞ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው። መተማ ከ700 ሜትር ብዙም አይርቅም። ያንን ቁልቁለት ባቡር ዝም ብሎ አይወርደውም፤ መዞር አለበት። መሐንዲሱ የሚዞርበትን ሲመርጥ አንዱን ከተማ ያገኛል፣ ሌላውን ይስታል። አይከልን ሊያገኝ ይችላል፣ ሊስታትም ይችላል። ነጋዴ ባሕርን፣ ሸኸዲንም እንዲሁ። ሐረር ላይ የሆነው ይህ ነው። የሐረር ሰው አልተጠየቀም። ስሌቱ ፓሪስ ውስጥ ነው የተሠራው። የኢሳ ሽማግሌዎችም የተጠየቁት ሀዲድ ከነቀሉ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ተናገሩ። ቅየሳው ሲጀመር ቀበሌ ሂዱ፣ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ፣ ካርታውን አሳዩን በሉ። ተማሪዎች፣ በተለይ ሲቪል ምህንድስና የምታጠኑ፣ ይህ የእናንተ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በዚህ ቁልቁለት ላይ ሥሩ። ከአዘዞ እስከ መተማ በእግራችሁ ሂዱና ውሃው የት ነው፣ ገበያው የት ነው፣ ሰዉ የት ነው ብላችሁ ጻፉ። መሐንዲሱ ሲመጣ የምትሰጡት ወረቀት ይኑራችሁ።

እኔ ይብቃኝ። ቅድም ስትገቡ ከነጋዴ ባሕርና ከሸኸዲ የመጣችሁ ልጆች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ማይኩ ይድረሳችሁ፤ መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ።